ያልቆረጥነው ሙዝ

ባለፈው ሰኞ አርባ ምንጭ ውስጥ ከሴቻ ሰፈር ወደ ሲቀላ ስወርድ ባጃጁ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልክ ያወራ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ብብቱ ስር ፋይል ይዟል። "በቆሎውን እንዳትሸጡ በላቸው አልኩህ። ያዙት፤ ከወር በኋላ እጥፍ ይሆናል" ይላል። በድምፁ ውስጥ ቅንጣት ጥርጣሬ የለም። ሾፌሩ ዞር ብሎ "ወንድሜ፣ የነገውን ካወቅህ የቤንዚኑንም ንገረኝ፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ተሰልፌ ሦስት ሊትር ነው ያገኘሁት" አለውና ሳቅን።

የኔ ሳቅ ቶሎ ነው የጠፋው። ክንዱን ይዤ "ተው፣ ለማን ነው የምትመክረው?" ልለው ቃጥቶኝ ነበር። አላልኩትም። አርባን ያለፈ ሰው ባጃጅ ውስጥ የማያውቀውን ልጅ ቢቆጣ ምን ይባላል? ሲቀላ ወርጄ ቢሮ ገባሁ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ሥራው እጄ ላይ አልሄድ አለኝ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ነገር ነው፤ እኔ ግን እንደ ትናንት ነው የማስታውሰው።

ያን ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ አሥር ወር ሆኖኝ ነበር። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። መንደራችን ከአርባ ምንጭ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ በስተምሥራቅ የዓባያ ሐይቅ ቀይ ውሃ፣ በስተምዕራብ ተራራው፣ መሃል ላይ ሙዝ። ሙዝ ብቻ። በየማክሰኞው ሲቀላ ሄጄ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ እውላለሁ፤ ሁሉም "የሁለት ዓመት ልምድ ያለው" ይላል። ልምዱን ከየት እንደማመጣ የሚነግረኝ ማስታወቂያ ግን አልተለጠፈም። ስመለስ እናቴ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ ፎሰሴ ታቀርብልኛለች፤ የበቆሎ ዱቄት ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ። ያን ሰሞን ከዳጣ በቀር ማባያ አልነበረውም፤ ጠዋትም እሱ፣ ማታም እሱ።

ችግሩ መጀመሪያ የመጣው በወሬ ነው። ከዚያ ዘይት ከሱቁ ጠፋ፤ ሳሙና ተከተለ። ከተራራው ከኦቾሎ ድንችና ቆጮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ገዢ አጥተው ሸክማቸውን እንደያዙ ሽቅብ ሲመለሱ ማየት ጀመርን። ያን ዳገት ባዶ እጅ መውጣት እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። ወንዶቹ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ። አንዱ የዶላር ጉዳይ ነው ይላል፤ አንዱ ናፍጣ ተደብቆ ነው ይላል፤ አንዱ ኃጢአታችን በዝቶ ነው ይላል። ዶላር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሁሉ የዶላር አዋቂ ሆኖ ነበር። ሲደክማቸው ወደ እኔ ዞረው "አንተ የተማርከው ይሄንኑ አይደል? እስቲ ንገረን" ይሉኛል። እኔም እነግራቸዋለሁ። አሥር ወር ሙሉ ማንም ምንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ፣ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ጥፋቱ ሁሉ የጀመረው ከዚህ ነው።

ከማርታ እናት ጋር አጥር ነው የሚለየን። እኛ ዘንድ ሴት ከወለደች በኋላ በልጇ ስም ነው የምትጠራው፤ የራሷን ስም እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነበር። ያላት ትንሽ የሙዝ ማሳና ሁለት ልጆች ናቸው። ትልቋ ማርታ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ ብሔራዊ ፈተናው ሁለት ወር ቀርቷታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየመጣች ሒሳብ አስጠናታለሁ። ጎበዝ ነበረች። እኔ የምሳሳተውን አንድ ጊዜ አይታ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምልክቱ ተገልብጧል" ትለኛለች። ነርስ መሆን ትፈልግ ነበር። እናቷ ግን ቁርጡን ነግራታለች፤ የዚህ ዙር ሙዝ ከተሸጠ እስከ ፈተናው ትማራለች፤ ካልተሸጠ ግን ከሲቀላ ሁለት ጊዜ መጥታ ባነጋገረቻቸው ሴትዮ በኩል ዓረብ አገር ትሄዳለች። ቤታቸው ውስጥ እህል አልቆ ነበር።

አንድ ዓርብ ደላላው ግዛቸው መጣ። ሙዛችንን ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች የሚያስጭነው እሱ ነው። ከባለፈው ዙር ግማሽ የማይሞላ ዋጋ ጠርቶ "ሰኞ አንድ አይሱዙ አመጣለሁ" አለ። "አዲስ አበባ ሰው ፍራፍሬ ትቷል፤ ዳቦ ነው የሚያሳድደው። ናፍጣም የለም። ከዚህ መኪና በኋላ መቼ እንደምመጣ አላውቅም። ቁረጡ፣ ይሻላችኋል።"

ግዛቸውን ለሚያውቅ ይህ አዲስ አይደለም። በየዙሩ የመጨረሻው መኪና ነው ይላል፤ በየዙሩ ገበያው ሞቷል ይላል፤ ሚዛኑም ምንጊዜም ወደ እሱ ነው የሚያደላው። አባቶቻችን ደላላ ማመን የተዉት እኔ ሳልወለድ ነው።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሙዝ ያላቸው ሰዎች ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ዋርካ ስር ተሰበሰቡ። ሳይጠሩኝ ተነሳሁ። በጋሞኛ ጀምሬ "ፍላጎት" እና "አቅርቦት" ላይ ስደርስ ወደ አማርኛ ዞርኩ፤ ነገሩን የሚያከብደው መስሎኝ ነው። "መኪና ይዞ መጥቶ ባዶውን መመለስ አይችልም" አልኳቸው። "ማንም ካልቆረጠ እስከ ሐሙስ ተመልሶ ይለምነናል። ዋጋ የምንወስነው እኛ ነን።" ጭብጨባ አልነበረም፤ ግን ሰዎቹ ቀና ሲሉ አየሁ። ለወራት አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው እንደዚያ ቀና ሲል ማየት ያሰክራል።

አባቴ ከኋላ ቆሞ ነበር። "ኢያሱ" አለ፤ "ሙዝ ይጠብቃል ወይ?"

"አራት ቀን ይጠብቃል አባ።"

ራሱን ነቀነቀና ተወኝ። በሰው ፊት ልጁን ማሳፈር አልፈለገም፤ ይህን የገባኝ በኋላ ነው። የማርታ እናት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታዳምጠኝ ነበር። ማርታም አጠገቧ ነበረች።

ሰኞ ጠዋት አይሱዙው መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። ገጀራ ይዞ የወጣ የለም። ግዛቸው ከጋቢናው ወርዶ ማሳውን አየ፣ እኛን አየ። "ኋላ እንዳትወቅሱኝ" አለ። ቢቆጣ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልተቆጣም። መኪናው ቀጣዩ መንደር ሄዶ፣ ከሰዓት በኋላ ጭነቱን በኮባ ቅጠል ሸፍኖ በፊታችን አለፈ። አሁንም "ሐሙስ ታያላችሁ" አልኳቸው።

ሐሙስ አልመጣም። የሚቀጥለውም ሐሙስ አልመጣም። ናፍጣ ጠፍቶ መኪኖቹ በየማደያው ተኮልኩለው ቀሩ። ግዛቸው በዕድሜው አንዴ እውነት ተናግሮ ነበር፤ እኛም ያቺን ቀን ነው ሳናምነው የቀረነው።

ሙዝ የሚጫነው አረንጓዴ ሳለ ነው። ተክሉ ላይ ቢጫ ከሆነ ለሩቅ መንገድ አይሆንም። መብሰሉን መጀመሪያ ያወቁት ዝንጀሮዎቹ ናቸው፤ ከተራራው በመንጋ ወረዱ። ከዚያ ሽታው መንደሩን ሞላው። ለከብት ሰጠን፤ ከብቶቹም ሰለቹት። ከዋርካው ስር ቀና ብለው የተነሱት ሰዎች አሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ጥያቄ ግን አይጠይቁኝም። አባቴ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። በልቶ ሲነሳ "ተመስገን" ማለቱን ብቻ ተወ።

ማርታና እናቷ የበሰለውን መንገድ ዳር ከምረው ተቀመጡ። ሁሉም እንደዚያው ስላደረገ ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ቢጫ ክምር ነበር፤ የሚያልፈው ግን በቀን ሁለት ወይ ሦስት ሚኒባስ ነው። ማርታ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሒሳብ ትሠራለች፤ መኪና ሲመጣ ተነስታ ትሮጣለች፤ ተመልሳ ካቆመችበት ትቀጥላለች። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር "ጋሼ፣ ይችን እኩልታ አሳየኝ" አለችኝ። አሳየኋት። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ቁጥሩ አይታየኝም ነበር።

የሲቀላዋ ሴትዮ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ማርታ የሄደችው አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ያካፋ ነበር፤ ፈተናው ሃያ ቀን ቀርቶታል። መጽሐፎቿን አምጥታ "ለሌላ ልጅ ይሆናሉ" ብላ ሰጠችኝ። እናቷ አላለቀሰችም። ሚኒባሱ እስኪሰወር ቆማ ከዚያ የተረፈውን ሙዝ መሰብሰብ ጀመረች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ከቤታችን ጀርባ፣ ሰው በማያየኝ ቦታ። ራሴን ጠላሁት፤ የተማርኩትንም ጠላሁት።

ማርታ በሄደች በአሥራ አምስተኛው ቀን ግዛቸው ተመለሰ፤ ዋጋው ከዚያኛውም ወርዷል። ከዝንጀሮ የተረፈውና አዲስ የደረሰው ይቆረጥ ተባለ። ጠዋት የማርታ እናት ገጀራዋን ይዛ በራችን ላይ ቆመች። ልትሰድበኝ የመጣች መስሎኝ ወጣሁ። ስድቡን ፈልጌውም ነበር።

"ኢያሱ ልጄ፣ እንቁረጥ ወይስ እንቆይ? አንተ ተምረሃል፤ ያልከኝን አደርጋለሁ" አለችኝ።

ፊቷን ደጋግሜ አየሁት። አሽሙር አልነበረበትም። "ቁረጪ እናቴ" አልኳትና ገጀራውን ተቀብዬ እኔው ቆረጥኩላት።

አሁን የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ዘንድሮም ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ "እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንኖረው?" ሲለኝ አላውቅም እላለሁ። የምደብቅ ይመስላቸዋል፤ የሚቀየመኝም አለ። ሰው ኑሮ ሲከብደው የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ካጣ ያወቀ የሚመስለውን ይይዛል።

ማርታ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተመልሳለች። ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት ሠራች፤ ወንድሟን አስተማረች። መንደሩ "ለበጎ ሆነ" ይላል። እኔ እንደዚያ ማለት አልችልም። ግራ እጇ እስከ ክርኗ ተቃጥሎ የዳነ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

እናቷ ያረፈችው አምና ነው። ለቅሶው ላይ ከማርታ አጠገብ ተቀምጬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የያዝኩትን ነገርኳት። "ያኔ እናትሽን ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

"እናቴማ ልትቆርጥ ነበር" አለች። "ያን እሁድ ገጀራዋን ስላ በር ስር አስቀምጣዋለች። አንስቼ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ያውቃል ብዬ።"

"አላውቅም ነበር" አልኳት።

"አዎ፣ ኋላ ገባኝ" አለችና ለመጡት ለቀስተኞች ቦታ ልትለቅ ተነሳች።

ያን እሁድ ዋርካው ስር "አላውቅም" ብዬ ብቀመጥ ኖሮ የሚያፍርብኝ ሰው አልነበረም። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ማርታ ግን ፈተናውን ሳትፈተን ቀርታለች።