ለደግ ነው!

የተማሪ ወላጅ ቤት የምሄደው በእኩለ ቀን ነው፤ ፀሐይ አናቴን እየበሳችኝ። ባልደረቦቼ «አንቺ ሴትዮ፣ በጠዋቱ ቀዝቀዝ ሲል አትሄጂም እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሰቆጣ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ፤ ልጅ ከትምህርት ሲቀርብን ቤቱ ድረስ ሄጄ ወላጆቹን ማነጋገር ሥራዬ ነው። አጥራቸው ጋ ሳልደርስ ገና ከሩቅ «ለደግ ነው! ለደግ ነው!» እያልኩ እጮኻለሁ። እብድ የመሰልኳቸው አሉ። እኔ ግን የምጮኸው ወድጄ አይደለም።

የእኛ አገር ደሃና ወረዳ ነው። ሰቆጣ ቤት ተከራይቼ፣ ስንቅ ሲያልቅብኝ በእግሬ እየተመላለስኩ ነው የተማርኩት። አስረኛ ክፍል ስደርስ ከሌላ አካባቢ የተመደበ አንድ አማካሪ መጣልን፤ ቀጭን፣ መጠየቅ የማይሰለቸው ሰው። የስፖርት ዕቃ የሚከማችባትን ክፍል ጠርጎ ቢሮ አደረጋት። «ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» አይልም፤ ያንንማ ቢለን ሁላችንም በአንድ አፍ «ሐኪም!» ብለን እንገላገል ነበር። «ምን ስትሠሪ ነው ቀኑ ሳይታወቅሽ የሚመሽብሽ?» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ ማን ጠይቆኝ ያውቃል! ደግሞ እየሰበሰበ ሥራ ያሳየናል፤ የጤና ጣቢያውን ላቦራቶሪ፣ የከብት ክሊኒኩን፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁን። ኮሌጁ ውስጥ አንድ ልጅ የተፈታታ ሬዲዮ ፊቱ ዘርግቶ ሽቦ ሲበይድ አየሁ።

ወንድሜ ነበር ትዝ ያለኝ። የመንደሩ ሬዲዮ ሁሉ በእሱ እጅ ነበር የሚድነው። እዚያው እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ፣ አማካሪው ከመመደቡ በፊት በነበረው ዓመት፣ ደላላ ተከትሎ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ወጣ። «ባሕሩ ዳር ደርሻለሁ» ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ትምህርት ቤት ሲመላለስ በየቀኑ በኮሌጁ አጥር ሥር ነበር የሚያልፈው። ያ የሚወደው ነገር እዚያ ግቢ ውስጥ በትምህርት እንደሚሰጥ የነገረው አንድ ሰው አልነበረም። አንድ! ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዚያው ዓመት ስንቅ ልይዝ ቤት ስገባ አባቴ «ከእንግዲህ አትመለሺም» አለኝ። ዝናቡ ቀርቶ ገብሱ ከድቶን ነበር፤ ያው ደላላ ደግሞ ለሴት ልጅ ዓረብ አገር ሥራ ሞልቷል ብሎታል። «ወንድምሽንም ታገኚው ይሆናል» አለኝ ቀስ ብሎ። አባቴ ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ቸግሮት ነው። ሰኞ ዕለት ወልድያ ላይ ደላላውን ልንገናኝ ተቀጠረ። አለቀስኩ፣ ለመንኩ፣ አኮረፍኩ። ወይ ፍንክች!

አማካሪው መቅረቴን ከጎረቤት ልጅ ሰምቶ ተነሣ። ብቻውን ቢመጣ አባቴ እንደማይሰማው ስለገባው፣ እንደ ወጉ ሽማግሌ ያዘ፤ የደብራችንን ቄስና ሁለት አዛውንቶች። ሽማግሌ ለልመና ማልዶ ነው የሚሄድ፤ ሰውየውን እርሻ ሳይወርድ ለማግኘት። እነሱም ልባቸው በእኔ ጉዳይ ተይዞ ሌላውን ነገር አላሰቡትም። ጎሕ ሲቀድ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዝም ብለው ደጃችን ላይ ቆሙ።

ልጁ ባሕር የተሻገረበት ቤት ደጃፍ ላይ፣ በንጋት፣ ቄስና ሽማግሌ! መርዶ የሚነገረውኮ እንዲህ ነው። እናቴ በሩን ከፍታ አየቻቸው። «ልጄን!» አለችና መሬት ላይ ወደቀች።

አማካሪው ክው አለ። «ኧረ እማማ፣ ይረጋጉ፣ እኔ የመጣሁት ስለ ልጅቷ ትምህርት ነው!» ይላል። ይህን ሲል ጭራሽ ባሰባት። መርዶ ነጋሪ በቀጥታ ገብቶ አይናገርማ፤ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሌላው ልጅ እያወራ ነው የሚጠጋው። «ትምህርት» ባለ ቁጥር ደረቷን ትደቃለች። ኀዘኑ አማርኛዋን ነጠቃትና በእናት ቋንቋዋ በኽምጣንኛ ትጮኽ ጀመር፤ እሱ አንድም ቃል አይሰማም፤ እንድነግረው ወደ እኔ ያያል። ምን ልንገረው? እኔም አምኛለሁ። ፊቴን እየነጨሁ ነበር። ጎረቤቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከየጎጡ እየሮጡ መጡ። አክስቴ ሙሾ አወረደች፤ ወንድሜን በእጁ ነበር የምታሞግሰው፣ ዝም ያለውን ሬዲዮ በሚያናግረው እጁ።

ያስቆሙት ቄሱ ናቸው። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «በዚህ መስቀል! ስለ ልጁ የሰማነው ክፉም ደግም የለም!» ብለው ጮኹ። የመጣውም ሰው ወዲያው አልተበተነም፤ ምን ብሎ ይሂድ? እንባው ወጥቷል። አንዲት ሴትዮ «በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል» አለች። «አሜን» ተባለ። ማንም ግን የማንንም ዓይን አላየም።

አባቴ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ «መምህር፣ ይዘዋት ይሂዱ» አለው። «ይህን ጩኸት በእሷ ስም ደጄ ላይ አልሰማም።» እናቴ ተነሥታ ስንቄን ልታዘጋጅ ገባች።

እንዲህ ነው የተማርኩት፤ ለወንድሜ በተለቀሰ ለቅሶ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳይኮሎጂ አጠናሁ፤ ተመልሼም እስከ ዛሬ ኳስ ኳስ የምትሸተውን ያችኑ ክፍል ተረከብኩ። የተበላሸ ስልክ የሚፈታታ ልጅ ካገኘሁ እጁን ይዤ ኮሌጁ ድረስ እወስደዋለሁ፤ «ቲቸር ደግሞ አበዛችው!» ይላሉ። ያሉትን ይበሉ። አንዳንዱ እሺ ብሎ ይመዘገባል። አንዳንዱ ደግሞ አንድ ሰኞ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ባዶ ወንበሩ ላይ ወንድሜ የተቀመጠ ይመስለኛል። ዞር ብሎ «እኔንስ?» የሚለኝ ይመስለኛል። በቀን፣ ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ እፈራለሁ።

እሱ እስካሁን አልደወለም። እናልቅስ እንዳንል ሞቱን አልሰማንም፤ ደግሞስ አንዴ አልቅሰንለት የለ?

ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ስሄድ መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አድሬ ሳላስበው በንጋት ደረስኩ። ድካም ይዞኝ «ለደግ ነው» ማለቱንም ረሳሁት። እናቴ በሩን ከፍታ ቆማለች። አልጮኸችም።

«ብቻሽን ነሽ?» አለችኝ።

«ብቻዬን ነኝ እማዬ።»

በትከሻዬ አሻግራ መንገዱን እስከ ኩርባው ድረስ አየችው። ሽማግሌዎቹን ትፈልግ፣ ወንድሜን ትፈልግ፣ አልጠየቅኋትም። ከዚያ በሩን ሳትዘጋው ወደ ውስጥ ተመለሰች።