ምንጩን የደበቁኝ ሰዎች

አገውኛ የተማርኩት ተደብቄ ነው። እናቴ ልጆቿ እንዲሰሙት የማትፈልገውን ነገር ሁሉ ለእህቷ የምትነግራት በአገውኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከበሩ ኋላ ሆኜ አንድ አንድ ቃል እየለቀምኩ አደግሁ። እስክትሞት ድረስ እንደምሰማ አላወቀችም። መናገሩ ላይ ደካማ ነኝ። መስማቱ ላይ ግን የሚያመልጠኝ የለም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፤ የጠየቀኝም ሰው አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ ቢሮ ለጊዜው መረጃ ሰብሳቢ አድርጎ ቀጠረኝ። ሥራው አንድ የልማት ፕሮግራም ውጤት ማምጣቱን ሰው ጠይቆ መለካት ነበር። ፕሮግራሙ ቡሬ ከተማ ውስጥ ያረጀውን የእኛን ሰፈር በድንጋይ ንጣፍ፣ በቦይና በቧንቧ ውሃ አድሷል። ገጠር ደግሞ ጎርፍ የበላውን አንድ ቦረቦር ከከብት ከልሎ፣ ድንጋይ ደርድሮና ሳር ተክሎ እንዲያገግም አድርጓል። ለከተማውም ለገጠሩም የተሰጠኝ መጠይቅ አንድ ዓይነት ነበር፤ ምርጫውም ተሻሽሏል፣ በመጠኑ ተሻሽሏል፣ አልተሻሻለም የሚል ነው።

የጀመርኩት ከራሴ ሰፈር ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉ "ተሻሽሏል" አሉኝ። ፊቴን እያየ የመለሰልኝ ግን አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው ታብሌቱ ላይ ያለውን ጣቴን ነበር። አንዲት ጎረቤቴ ቦዩ በክረምት ጎርፉን ወደ ቤቷ እንደሚያስገባው ስታማርርልኝ ነው የከረመችው። ያን ዕለት ግን "ቦዩ በጣም ጥሩ ነው በይልኝ" አለች።

"ትናንት እንዲህ አላልሽኝም" አልኳት።

"ትናንት ጎረቤቴ ነበርሽ" አለችኝና በሩን ገርበብ አደረገችው።

ስለዚህ ገጠር ስሄድም ምስጋና እንደምሰማ እርግጠኛ ነበርኩ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ከቡሬ በባጃጅ ወጣሁ፤ ባጃጁ ከማያልፍበት ጀምሮ ወደ አዊ ወሰን አቅጣጫ በእግሬ ሄድኩ። ሚያዝያ ነው፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ የተሻገርኳት ወንዝ ድንጋይ ብቻ ሆናለች። ከብቶቹ የጎን አጥንታቸው ይቆጠራል። መንደሩ አፋፍ ላይ ስደርስ ግን ቁልቁል ያለው ቦረቦር ወለሉ አረንጓዴ ነው። ሳሩ ጉልበት ያልፋል። ቆም ብዬ አየሁትና ደስ አለኝ። ሥራዬ ቀላል መሰለኝ።

ሰባት ስምንት ሰዎች ብሳና ጥላ ሥር ሆነው ጠበቁኝ። ከሁሉም በላይ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል፣ ሌሎቹም ከመናገራቸው በፊት የሚያዩት የእሳቸውን ዓይን ነው። አጠገባቸው አንገቷን የተነቀሰች፣ ከእኔ በአሥር ዓመት ገደማ የምትበልጥ ሴት ነበረች። ከተሳሳምንና ከተጠያየቅን በኋላ ታብሌቱን አወጣሁ።

"አባቴ፣ ቦረቦሩ ከተከለለ ወዲህ ሳሩ እንዴት ነው?" አልኩ።

"የቱ ሳር?" አሉ ሽማግሌው።

"እዚያ ታች ያለው።"

"እሱማ ከሩቅ ሲያዩት ነው ልጄ። ከብት አይበላውም።"

"አልተሻሻለም ልበል?"

"ምን ተሻሽሎ!"

ሴትዮዋን ጠየቅሁ። "አልተሻሻለም" አለች። ሌሎቹም ተራ በተራ "አልተሻሻለም" አሉ፤ አንዱ ጥያቄውን ሳልጨርስ ቀድሞኝ መለሰ። ግራ ገባኝ። በዚህ ሥራ ሰው ያልሆነውን ሆነ ሲል እንጂ የሆነውን አልሆነም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ዓይኔ አሁንም ሳሩን ያያል። ሳሩ ውስጥ የታጨደ ቦታም አየሁ፤ የታጨደው ደግሞ በደንብ፣ በመስመር ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ውሃ ነበር፤ ቦረቦሩ ሲያገግም የደረቀ ምንጭ ተመልሶ እንደሆነ ይጠይቃል። ገና አንብቤ ሳልጨርስ ሽማግሌው ዱላቸውን እያሻሹ፣ ወደ ሴትዮዋ ሳይዞሩ፣ በአገውኛ ተናገሩ፦

"ምንጩን ነው የምትጠይቀው። ከድነሽዋል?"

"ጠዋት ድንጋይ ገጥሜ ቅጠል ጨምሬበታለሁ" አለች እሷም በአገውኛ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ፈገግ ብላ፣ በአማርኛ "ምንጭ የለም እታለም። ድሮም አልነበረም" አለችኝ።

አንገቴን ነቀነቅሁ። ያኔ "እኔም እሰማለሁ" ማለት እችል ነበር፤ ግን አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ምን እንደሚሉ ልስማ ብዬ ነው፤ እንደ ልጅነቴ ከበሩ ኋላ መቆሜ ነው። እነሱ እየደበቁኝ እኔም እየደበቅኋቸው ጥያቄው ቀጠለ። በአማርኛ የሚሉኝን ጣቴ ይሞላል፣ በአገውኛ የሚባባሉትን ጆሮዬ ይለቅማል። አንዱ ሰውዬ "ፎቶ እንዳታነሳ ከዚህ አታንቀሳቅሷት" አለ። ሌላው "ፊቷ የማውቀው ይመስለኛል" አለ።

ፀሐዩ ጠነከረና ውሃ ለመንኩ። ሴትዮዋ ወደ ቤቷ ገብታ በጣሳ አመጣችልኝ። ጣሳው ጣቴን አቀዘቀዘው። ከወንዝ ነው የቀዳነው አሉኝ፤ ወንዟን ግን ያን ጠዋት በደረቅ ጫማ ተሻግሬአታለሁ። መጠጣት ጀመርኩ።

"አሁን አረፍሽ? ቅዝቃዜው ነገሩን ይነግራታል" አላት አንዱ ሴትዮዋን በአገውኛ።

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። "ምንም አይነግራት። የከተማ ሰው የውሃን ጣዕም የሚያውቀው ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ነው" አሉ።

ሳላስበው ሳቅሁ። ውሃው በአፍንጫዬ ወጣ፤ ትን አለኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ቀና ስል የሚስቅ ሰው የለም። ሁሉም እኔን ያያሉ።

"ምን አሳቀሽ?" አሉኝ ሽማግሌው፣ በአገውኛ።

መሸሸግ አልቻልኩም። በተሰባበረ አገውኛ "ይቅርታ አባቴ፣ ጠርሙሱ አስቆኝ ነው" አልኩ።

ሴትዮዋ ጣሳዋን ከእጄ ወሰደች። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ የእናቴን አገር፣ የአያቴን ስም ተናገርኩ። ሽማግሌው አያቴን ያውቋቸው ነበር። ይህ ነገሩን ያቀልልኛል ብዬ ነበር፤ አባሰው እንጂ።

"የእኛው ልጅ ነሽ ማለት ነው" አሉ። "ባዳ ብትሆኚ ኖሮ፣ ቋንቋችንን ትሰማለች ብለን አለመጠርጠራችን የእኛ ጥፋት ነው እንል ነበር። አንቺ ግን እያወቅሽ ቁጭ ብለሽ ሰማሽን።"

"ሥራዬ መስማት ነው አባቴ" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴንም አሳፈረኝ።

"የአንቺ ሥራ መጠየቁ ነው። ይኸኛው ሌላ ነው፤ ስሙን አንቺው ታውቂዋለሽ።"

ሌሎቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ሄዱ። ሴትዮዋ ብቻ "ከሰማሽማ ነይ እይው" አለችኝና ቁልቁል ወሰደችኝ። ሳሩ መሃል፣ ከድንጋይ ግድግዳው ሥር፣ የብሳና ቅጠሉን ገፍታ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሳች። ውሃው እጅ የምታህል ጉድጓድ ውስጥ አሸዋ እያንቀሳቀሰ ይፈልቃል። ጉድጓዷ አጠገብ ተቀመጥን። ውሃውን ሳየው ከእነሱ የተነጠቀ ነገር የያዝኩ ያህል ደነገጥኩ።

"ለምን ደበቃችሁት? እናንተው አይደላችሁ ያዳናችሁት?" አልኳት።

"እኛ ነን። ድንጋዩን በጀርባዬ ነው ያመላለስኩት" አለች። "በላይኛው መንደርም እንዲሁ ምንጭ ተመልሶ ነበር። እንዳንቺ ያሉ ሰዎች መጡ። በባልዲ ለኩት፣ አመሰገኗቸው፣ ጭብጨባም ነበር። በዓመቱ ቧንቧ ቀብረው ወሰዱት። አሁን የዚያ መንደር ሴቶች ከእኛ ነው ተደብቀው የሚቀዱት።"

"ወዴት ወሰዱት?"

"ወደ ቡሬ ነዋ።" ከዚያ ጠየቀችኝ። "አንቺስ የት ነው የምትኖሪው?"

"ቡሬ።"

"ቧንቧ አላችሁ?"

"አለን" አልኳት። ባለፈው ሳምንት በገዛ እጄ "ተሻሽሏል" ብዬ የሞላሁት እሱን ነበር። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። ድንጋዩን መልሳ ስትገጥም ላግዛት ብሞክር በክርኗ ገፋ አደረገችኝ።

ልሰናበት ስል ሽማግሌው እንዳትጽፊ ብለው አልለመኑኝም። "እኛ የለም ብለናል። አንቺ የሰማሽውን አንቺ ታውቂያለሽ" ብቻ አሉኝ።

የምንጩን ጥያቄ ባዶ ተውኩት። "አለ" ብል እነሱን አሳልፎ መስጠት ነው፤ "የለም" ብል የምዋሸው እኔ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ላይ ተቆጣጣሪያችን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ወጣት፣ ባዶውን ወዲያው አየው።

"ይኼ ለምን አልተሞላም?"

"በደንብ አልመለሱልኝም።"

"ግን ቦታው ድረስ ወርደሻል አይደል?" አለና ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። ካርታ ነው፤ ካርታው ላይ ቀያይ ነጥቦች አሉ። "ታብሌቱ የቆምሽበትን ሁሉ ራሱ ይይዛል። ይኸውልሽ ብሳናው ሥር፣ ይኼ ደግሞ መንገዱ። እዚህ ቦረቦሩ ውስጥ ግን ሃያ ደቂቃ ያህል አንድ ቦታ ቆመሻል። ምን ነበር?"

ነጥቦቹ ተደራርበው ልክ ጉድጓዷ ላይ አርፈዋል። "ደክሞኝ አርፌ ነው" አልኩ።

"እዚያ ፀሐይ ላይ?" አለኝ። ፈገግ ብሎ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ ለማየት አንገቴን ባሰግግም ደብተሩን ዘጋው። ያ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ሪፖርቱንም እስካሁን ያሳየኝ የለም።

በቀጣዩ በጋ ሴትዮዋን ቡሬ ገበያ ላይ አገኘኋት። በርበሬ ዘርግታ ነበር። ስጠጋት አልተነሳችም።

"ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር" አለች፣ በአማርኛ። "ቀይና ነጭ ቀለም ያለው የመለኪያ ዘንግ ይዘው። ማንንም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው ነው የወረዱት። ምንጩን የከደንኩበት ድንጋይ ላይ ቆሙ።"

"እኔ አልጻፍኩም። በእናቴ አፈር፣ አንድ ቃል አልጻፍኩም።"

"እና ማን ነገራቸው?"

ስለ ነጥቦቹ ነገርኳት። መሣሪያው የቆምኩበትን ቦታ እንደሚይዝ፣ ያኔ እኔም እንዳላወቅሁ፣ ተቆጣጣሪውም እንደጠየቀኝ፣ ሁሉንም። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ፊቴን አተኩራ አየችኝ።

"ዕቃው ብቻውን ጻፈው?" አለች።

"ብቻውን።"

"እሺ" አለችና በርበሬዋን ወደ መሃል መሰብሰብ ጀመረች። እንዳላመነችኝ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በቦታዋ ብሆን አላምንም ነበር። ሰዎቹ የመጡት በእኔ ነጥብ ይሁን በሌላ ምክንያት ዛሬም አላውቅም። ቧንቧውም እስካሁን አልተቀበረም፤ ይቀበር አይቀበር የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ አላገኘሁም።

ባለፈው መስከረም፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ታብሌትም ሳልይዝ፣ መንደሩ ድረስ ሄድኩ። ሽማግሌው ደህና ናቸው። በርጩማ አስወጡልኝ፣ ጠላ አስቀዱልኝ፣ ስለ ዝናቡና ስለ በቆሎው አጫወቱኝ። ጎረቤቶችም እየመጡ ሰላም አሉኝ፤ ሴትዮዋም መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ። ከሰዓት በሙሉ አብሬያቸው ስቀመጥ አንድም ሰው አገውኛ አልተናገረም፤ እርስ በርሳቸው እንኳን በአማርኛ ነበር የሚያወሩት።