የወንድሜ ሰዓት አርባ ቀኗን ስትሞላ

ትናንት ቀትር ላይ... ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጋሽ ሥዩም ሱቅ ስሄድ ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ደብቄ ነበር። የታሰረችብኝ ሰዓት ለሰው እንድትታይ አልፈለግኩም።

ጋሽ ሥዩም በድሬ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የታወቁ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሰዓት አዳሽ አላልኩም... ሠሪ። እያንዳንዱን ጥርስ በእጃቸው እየሞረዱ በዓመት አንዲት የእጅ ሰዓት ይሠራሉ። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ሁለት ዓመት አብሯቸው ሠርቷል። እጄ ላይ ያለችው ሰዓት የመጀመሪያ ሥራው ናት። የመጨረሻውም ሆነች። ቀፎዋ ከጠገራ ብር፣ ጥርሶቿ ድሬ ድረስ ከመጣው ጦርነት በኋላ ሜዳ ላይ ከለቀምነው የጥይት ቀለህ ነው። ሞላዋ ብቻ ተገዝቷል።

ጋሽ ሥዩም አንድ ሕግ አላቸው። «ሰዓትም እንደ ወንድ ልጅ ነው፤ አርባ ቀኑ ሳይሞላ ስም አይወጣለትም» ይላሉ። አዲስ ሰዓት አርባ ቀን ሰው እጅ ላይ ይውላል። ይሞላል እንጂ አይስተካከልም። በአርባኛው ቀን ሱቃቸው ውስጥ ካለችው ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ጋር ይተያያል። ልዩነቱ ከሁለት ደቂቃ ካነሰ ክዳኑ ላይ የሠሪው ስም ይቀረጻል። ከበለጠ ሰዓቱ ይፈታል፤ ዕቃው ወደ ብስኩት ቆርቆሮው ይገባል። ምሕረት የለም።

ዳዊት በሬዲዮ አስተካክሎ እጄ ላይ ሲያስራት «ጠዋት ጠዋት ሙላት። መሙያዋን ግን ወደ ውጭ እንዳትስብ። ከሳብካት ዋሸህ ማለት ነው» አለኝ።

በአሥረኛው ቀን ወባ ያዘው። በአሥራ ሦስተኛው ቀበርነው።

እኔ መሙላቴን አላቆምኩም። ለቀስተኛው መሀል፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬም ሞልቻታለሁ።

ጭንቀቱ የጀመረው ትምህርት ቤት ስመለስ ነው። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በጋሽ ሥዩም የግድግዳ ሰዓት ነው። ግማሹ የከዚራ ሰውም እንደዚያው። መጀመሪያ ደወሉ ከኔ ሰዓት በሁለት ደቂቃ ዘገየ። ቀጥሎ በአራት። ከትናንት ወዲያ በሰባት! የጋሽ ሥዩም ሰዓት ደግሞ አትሳሳትም... ስለዚህ እየበረረች ያለችው የወንድሜ ሰዓት ናት ማለት ነው። ስንት ጊዜ መሙያዋን በጥፍሬ ያዝኩ! ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ ብመልሳት ማን ያውቃል? ግን «ዋሸህ ማለት ነው» የሚለው ድምፁ ይመጣብኛል። እለቃታለሁ።

ሱቁ ደጃፍ ላይ ጎረቤታቸው አብዲ፣ ጨርቅ ሻጩ ሶማሌ፣ የሰባት ሰዓት ዜና ሊሰማ ሬዲዮውን ታቅፎ ተቀምጧል።

«ዋርያ! እጅህ ምን ሆኖ ነው ኪስ ውስጥ የተኛው?» አለኝ።

አልፌው ገባሁ። ጋሽ ሥዩም መዳፋቸውን ዘረጉ። ፈትቼ ሰጠኋቸው። አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ሰዓቷን አዩ። ግድግዳውን አዩ። ደግመው አዩ።

«ሰባት ደቂቃ» አሉ ቀስ ብለው።

«ጋሼ፣ እባክዎ... ለዳዊት ሲሉ...»

«ለዳዊት ስል አለቅሳለሁ፣ ልጄ። ለዳዊት ስል ግን አልዋሽም። እሱም ቢሆን አይወድልኝም።»

መፍቻቸውን አነሱ። ጫፉ ክዳኗን ሊነካ ሲል አብዲ ከደጅ ጮኸ።

«ቆይ፣ ቆይ! ጋሽ ሥዩም፣ ግድግዳህ ስንት ይላል?»

«ለሰባት ሰባት ጉዳይ።»

«ወላሂ ዜናው ሊጀምር ነው እኮ!»

ሬዲዮውን ይዞ ገባና ድምፁን ከፍ አደረገው። ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ... «ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆነ።»

ሦስታችንም ጠረጴዛው ላይ አጎነበስን። የዳዊት ሰዓት ሰባትን ያለፈችው በአርባ ሰከንድ ብቻ ነበር። አርባ ቀን፣ አርባ ሰከንድ!

ጋሽ ሥዩም ወንበር ላይ ወጥተው የግድግዳ ሰዓታቸውን በር ከፈቱ። ውስጡን በጣታቸው ጠቆሙን። ከበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በዳዊት እርሳስ፣ በየቅዳሜው አንድ አንድ መስመር ተጽፏል። «ሙቀት ጨምሯል፤ ሩብ ዙር ጠበቀ።» «ሩብ ዙር።» «ዛሬ ግማሽ።» የመጨረሻው መስመር ከመታመሙ በፊት በነበረው ቅዳሜ የተጻፈ ነው።

ለካ በድሬ ሙቀት የሰዓቷ ፔንዱለም፣ ውስጧ የሚወዛወዘው ዘንግ፣ ይረዝማል፤ ሲረዝም ሰዓቷ ትዘገያለች። ዳዊት በየሳምንቱ ከዘንጉ ሥር ያለችውን ብሎን እያጠበቀ ሲያርማት ኖሯል። እሱ ከሞተ ወዲህ የነካት የለም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ 'የኔ ሰዓት አትሳሳትም' እያልኩ ስፎክርበት...» አሉ ጋሽ ሥዩም፣ «ይሄ ልጅ ዝም ብሎ ይሰማኝ ነበር!» ሳቃቸው መጣ። እንባቸውም አብሮ መጣ።

«ለካ ባለፈው ሳምንት ከጅቡቲው ባቡር ያስቀረኸኝ አንተ ነህ!» አለ አብዲ። «እኔ ባቡሩን ስሰድብ!»

ጋሽ ሥዩም ከወንበሩ ወርደው መፍቻውን ወረወሩና መቅረጫቸውን አነሱ። ልክ እንደ ቄስ ቀና ብለው «ስም?» አሉኝ።

«ዳዊት!» ጮኼ ነው የተናገርኩት። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየን።

ቀርጸው ሲጨርሱ ሰዓቷን ራሳቸው እጄ ላይ አሰሩልኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመልሰው ወጡ። አብዲ ሬዲዮውን ወደ እሳቸው ሲያስጠጋ በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«እሱን ተወው። አንተ ልጅ፣ የወንድምህ ስንት ይላል?»

ነገርኳቸው። የከዚራን ሰዓት በወንድሜ ሰዓት አስተካከሉ።

ዛሬ ጠዋት ደወሉ ሰባት ደቂቃ ቀድሞ ተደወለ። ግማሽ ክፍል በር ተዘግቶበት ዘበኛውን ሲራገም ሰምቻለሁ። ይህን የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የምለጥፈው ለዚህ ነው። ዘበኛው ጥፋት የለበትም... የቀደማችሁ ዳዊት ነው።