ወንድሜን ያዘመተው ማነው?

ደባርቅ ከተማ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሰማያዊ ቆብ አድርጎ ወደ ጎረቤት አገር ሰላም ሊያስከብር የሄደው፣ እኔ ስለ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በማስተምርበት ሰሞን ነው። ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ነገሩ ሁሉ ጥርት ያለ ይመስለኝ ነበር። ጉባኤ አለ፣ ምክር ቤት አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፤ ሰሌዳው ላይ በቀስት አገናኛቸዋለሁ፣ አለቀ። ጉዱ የመጣው ላባቴ ላስረዳ የተቀመጥሁ ዕለት ነው።

አባቴ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች ደብር ቄስ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እሄድላቸዋለሁ። ያን ቀን ገና ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ሳልል ዳዊታቸውን አጠፍ አደረጉና፣ «አንች ልጅ፣ የወንድምሽ ጌታ ማነው?» አሉኝ።

«ምን ጌታ አለው አባ? ወታደር ነው እንጂ።»

«እኮ! ወታደር ያለ ጌታ ይዘምታል? የኛ መንግሥት ነው እንዳልል አገሩ ሌላ፣ ቆቡ ሌላ። በጸሎት ላስበው ነው፤ የጌታውን የክርስትና ስም ንገሪኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። የዓለሙ ድርጅት ዋና ጸሐፊ የክርስትና ስም!

«አባ፣ ሰውየው የኛ ሃይማኖት አይደሉም። ደግሞ እሳቸው አያዙም፤ የሚያዘው ምክር ቤቱ ነው።»

«ምክር ቤቱን የሚያዘውሳ?»

«አገሮቹ።»

«አገሮቹንሳ?»

«ማንም» እንዳልል ቄስ ፊት ነኝ። «እግዜር» እንዳልል የማስተምረው መጽሐፍ ውስጥ የለም። እሳቸው ግን መልሱን እየጠበቁ ዐይን ዐይኔን ያያሉ። ተናደድሁ፤ በሳቸው ይሁን በራሴ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ቀልድ የነበረው ወንድሜ እየደወለልን ሳለ ነው። ክረምቱ ሲወጣ እሱ ባለበት አካባቢ ውጊያ መነሣቱን በሬዲዮ ሰማን፤ ስልኩም ጠፋ። የማውቀውን መኮንን ብጠይቅ «አንዴ እዚያ ከገባ በድርጅቱ ሥር ነው» አለኝ። ድርጅቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው ፈልጌ በሰው በሰው ባስጠይቅ «ወታደሩ የአገሩ ነው፣ አገሩን ጠይቂ» ተባልሁ። ኧረ በእመብርሃን! ላንድ ልጅ ሁለት ባለቤት ተነግሮኝ አንዱንም ላጣለት? በማግሥቱ አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ እና መጨረሻ ላይ ኃላፊው ማነው?» ብትለኝ ጮህሁባት። ምስኪን፣ ምን አጠፋች?

በዚያው ሰሞን የዘመቻው ጊዜ ሊያበቃ መሆኑን፣ ይራዘም ወይስ ይቅር ብሎ ምክር ቤቱ ሊሰበሰብ መሆኑን ሰማሁ። ላባቴ ነገርኋቸው። ከታላላቆቹ አገሮች አንዱ ብቻ እምቢ ቢል ነገሩ ሁሉ እንደሚቀር ስጨምርላቸው ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው አፈጠጡብኝ።

«እንዴት ያለ ሸንጎ ነው? እኛ ለደም እርቅ ተቀምጠን አንዱ እምቢ ካለ ይለመናል። በመስቀል ይለመናል፣ እግሩ ላይ ይወደቃል። እዚያ የሚለምነው ማነው?»

«አላውቅም አባ።»

«አስተማሪ አይደለሽም?»

«ነኝ። አላውቅም።»

«እንግዲያስ እኔ እለምናለሁ» አሉ። «እንዲስማሙ አይደለም። አንዱ እምቢ እንዲልልኝ ነው። እምቢ ይበልና ልጄ ይምጣልኝ።»

ሱባኤ ገቡ። አንድ ቀን ስሄድ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ቆመው፣ «እጃቸውን ሊያነሡ የተቀመጡትን እኔ አላውቃቸውም፣ አንተ ታውቃቸዋለህ» እያሉ ሲማጠኑ ሰማኋቸው። እኔስ ብሆን? መዋሸት ምን ያደርጋል፤ ጧት ክፍል ገብቼ ሰላም አስከባሪ መከረኛ ሕዝብ ይጠብቃል ብዬ አስተምሬ፣ ከሰዓት ሄጄ ይፍረስ ብዬ ጧፍ አበራሁ። የቱ ልቤ እውነተኛው እንደሆነ ዛሬም ግራ ይገባኛል።

ፈረሰ። አንዱ እምቢ አለ። ለምን እንዳለ ስልኬ ላይ ደጋግሜ ባነብም አልገባኝም፤ ሁለት ትልልቆች በሌላ ነገር ተኳርፈው ኖሯል። ወንድሜ ያለበትን አገር ስም ያነሡትም እንደ ዋዛ ነው።

ወንድሜ መጣ። ከስቷል እንጂ አንድ ነገር አልሆነም። አባቴ አንገቱን ይዘው «ዐይኔን በዐይኔ አየሁ!» እያሉ አለቀሱ፣ ሳቁ፣ ሙክት አሳረዱ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል ጎረፈ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰው ተሸኝቶ ሦስታችን ስንቀር ነው ወንድሜ የጀመረው።

«ከአጥራችን ሥር የተጠጉ ሰዎች ነበሩ» አለ። «ከውጊያው የሸሹ። ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ። እኛ ስላለን ብቻ ነው ማንም የማይነካቸው። መኪና ስንጭን አንድ ሽማግሌ መጡና ተቀያሪ ሊመጣ ነው ወይ አሉኝ። በፊት ስንቀያየር ያዩ ነበር። ቡና እያፈሉ የሚጠሩኝ ሰው ናቸው አባ፤ ዐይናቸውን ማየት አቃተኝ። አዎ፣ ይመጣል አልኋቸው። መርቀው ሸኙኝ።»

«መጣ?» አሉ አባቴ።

«ማን ይመጣል? ፈርሶ የለም እንዴ። እኛ በወጣን በሳምንቱ የተጠጉበት ሰፈር መቃጠሉን ሰማሁ።»

የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። ድምፅ የሰጡት እነሱ ናቸው፣ እርስዎ ምን አደረጉ ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ይህን ካልሁ ልጅዎን ያመጣልዎ ጸሎትዎ አይደለም ማለቴ ነው። ጸሎትዎ ነው ካልሁ ደግሞ፣ እነዚያን ሰዎችስ? ምን ልበል? ተነሥቼ የእራቱን ትሪ አነሣሁ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር፤ ተራው ደርሷቸው የሚቀድሱት ሰሞነኛም እሳቸው ነበሩ። ገና ሳይነጋ ወደ አንድ ባልንጀራቸው ቄስ ዘንድ ሄደው በምትካቸው እንዲገባላቸው ለመኑት። ምን ሆነው ነው ቢላቸው «እጄ ንጹሕ አይደለም» አሉት። ደም የነካው ቄስ መቅደስ አይገባምና ሰውየው ደንግጦ ሌላ አልጠየቀም። አባቴ ከምእመናኑ ጋር ውጭ ቆመው፣ ራሳቸውን ተከናንበው አስቀደሱ።

ወንድሜ ጠጋ አለኝ። «ለምንድን ነው ያልገቡት? ምን አድርገው ነው?»

«ለምነው ነው» አልሁት። «ሸንጎው ይፍረስ፣ አንተ ና ብለው ለምነው ነው።»

ነጠላውን አፉ ላይ ጫን አደረገና ቅዳሴው እስኪያልቅ ቀና አላለም።