የተቆለመመው እጀታ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የብረት ነገር አያገባኝም። ግን ሱቄ ከጋሼ ፍሪሲዮን ጋራዥ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ፣ በዚያ ላይ የማያገባኝን ካላወቅኩ ስለማይሆንልኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ሲበላኝ ኖሯል። ያ እጀታ ለምን ተቆለመመ?

"ፍሪሲዮን" የሚል ስም ያወጡለት የሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮን መጠገን ስለሚያውቅበት ነው። ነገሩን እሱ እንዳስረዳኝ ላስረዳ። ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩ ውስጥ እንደ ሳህን የተደራረቡ ክብ ብረቶች ናቸው፤ መሃላቸው ላይ ሁሉንም አጥብቆ የሚይዝ አንድ ትልቅ ዳዶ አለ። ዳዶውን ልፍታ ብለህ ስታዞረው ሁሉም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ አንድ እጅ ይይዛል፣ ሌላው ይፈታል። ፋብሪካው ለዚህ የሚሆን መያዣ አለው ይባላል፤ እኛ ሰፈር ግን ያየው የለም። ጋሼ የራሱን ሠራ። ሁለት ያለቁ የፍሪሲዮን ሳህኖች አንድ ላይ በይዶ ክንድ የሚያህል ብረት እጀታ አደረገላቸው። ዳዶውን የሚፈታውን ቁልፍ ደግሞ ከቱቦ ቆርጦ በሞረድ አራት ጥርስ አወጣለት።

እጀታው ታዲያ መሃሉ ላይ እንደ ክርን ወደ ቀኝ ይታጠፋል።

ያየው ሁሉ ከነእጥፋቱ ቀዳው። አደባባዩ አጠገብ ያለው መካኒክ "ጉልበቱ ያለው እጥፋቱ ላይ ነው" ይላል። የሰፈሩ ብረት በያጅ ደግሞ ያለ እጥፋት ዳዶው አይፈታም ብሎ ይምላል። ከሁሉም የሚያስቀው ከገበያው ጀርባ የሚሠራው ሰውዬ ነው፤ ጋራዡ ጠባብ ስለሆነ እጥፋቱ ግድግዳውን ሲነካበት፣ ብረቱን ማቅናት ትቶ ግድግዳውን ሸነቆረው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ሰቅሎበታል። ጋሼን ስጠይቀው ግን መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ መርፌሽን ያዢ።"

ሚስቱ እትዬ ጋራዡ በር ላይ ዝቅ ያለች በርጩማ ነበረቻት። እዚያ ተቀምጣ እህል ስትለቅም፣ የጋሼን የሥራ ልብስ ስትጥፍ፣ ደንበኛ ላይ ስትቀልድ ትውላለች። ዳዶ የሚፈታ ሲሆን ጋሼ "እሜቴ" ይላል፤ እሷ ቀና ሳትል እንኳ ቀኝ እጇን ዘርግታ የእጀታውን ጫፍ ትጨብጥና "ያዝኩ" ትላለች። ዳዶውም እሺ ይላል። ይህን በቀን ሦስት አራት ጊዜ አየዋለሁ፤ አይቼም ምንም አላየሁም።

አምና ደም ግፊት ጣላት። ነፍሷ ተረፈች፣ ቀኝ እጇ ግን ዛለ። ከዚያ ወዲህ ከጓዳ አልወጣም አለች። ልጠይቃት ስገባ መጋረጃው ተዘግቶ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

"እትዬ፣ ውጪ ፀሐይ አለ እኮ።"

"ወጥቼ ምን ልሠራ? ዕቃ ሆኜ ልቀመጥ?"

አንጀቴን በላችው። ያቺ ተጫዋች ሴት እዚያ ጨለማ ውስጥ ትንሽ በትንሽ እንዳታልቅብን ፈራሁ።

ጋሼም ብቻውን አልሆነለትም። አንድ ቀን የሰፈራችን አዋላጅ ሞተር ብስክሌት ሊጠገን መጣ። እጀታውን በጉልበቱ ደግፎ ከዳዶው ጋር ሲታገል ቁልፉ አመለጠውና የጣቶቹን ቆዳ ገሸለጠው። መቀሴን ጥዬ ሮጥኩ። "እኔ ልያዝልህ" አልኩና የእትዬ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። አልገጥም አለኝ፤ ጫፉ ከጎኔ አልፎ ሄደ። የደረስኩበት ጭኔ ላይ የሆነ ነገር የታቀፍኩ ያህል ቀኝ ክንዴን ወደ ውጭ ስዘረጋ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ የተቆለመመው ለእትዬ ነው እንዴ?"

ጣቶቹን በጨርቅ ጠቀለለ።

"የመጀመሪያ ልጃችንን ታቅፋ ነበር" አለ። "በግራ እጇ ልጅ፣ በቀኝ እጇ ብረት። ቀጥ ያለው ልጁን እየነካ አስቸገራት፤ አጠፍኩት። በቃ።"

አሥራ አንድ ዓመት የበላኝ ነገር ይኸው ነው! ግድግዳ የሸነቆረው ሰውዬ ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ፤ የጋሼን ፊት ሳይ ግን ዋጥኩት። ላጽናናው ብዬ፣ "እንግዲያው አሁን ቀጥ ያለ ሥራ። ጫፉ የሞተሩ የእግር መርገጫ ላይ ካረፈ ያዥ ሰው አያስፈልግህም" አልኩት። እሱ አጠገብ ስኖር ይህን ያህልማ ተምሬያለሁ።

በማግስቱ ጋሼ ሱቄ መጣ።

"የእትዬን ግራ እጅ ለኪልኝ፤ ከትከሻ እስከ መዳፍ፣ ተቀምጣ። ለምን እንደሆነ አትንገሪያት።"

ለምን እንደሆነ መች ለእኔ ነገረኝና! ሜትሬን ይዤ ገባሁና ቀሚስ ልሰፋልሽ ነው አልኳት።

"እጅጌ በሁለቱም እጅ አይደለም እንዴ የሚለካው? ምነው ግራውን ብቻ?"

"ፋሽን ነው።"

ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ጋሼ ሦስት ቀን ብረት ሲያግል፣ ቱቦ ላይ ሲያጥፍ፣ መልሶ ሲያቀና ሰነበተ። ብቅ ስል ጀርባውን ይሰጠኛል። ምክሬን ሰምቶ ቀጥ ያለውን እየሠራ መስሎኝ በልቤ ኮራሁ።

በአራተኛው ቀን እትዬን ደግፎ አወጣት። በበርጩማዋ ፋንታ መደገፊያ ያለው ወንበር አኑሯል። "ልቀቀኝ አንተ ሰውዬ፣ ምን ልታሳየኝ ነው?" እያለች ተቀመጠች። አዲሱን መያዣ የአዋላጇ ሞተር ላይ ገጠመው። እጀታው ወደ ግራ ታጥፏል። በብስክሌት ከመነዳሪ ላስቲክ የተጠቀለለው ጫፉ ልክ ግራ መዳፏ ሥር ደረሰ፤ ለካ ያስለካኝ ለዚህ ነበር።

እትዬ ብረቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"እሜቴ" አለ ጋሼ።

ግራ እጇን ዘርግታ ጨበጠች።

"ያዝኩ" አለች።

ጋሼ ቁልፉን ተጫነው፤ ዳዶው ቀጭ ብሎ ተፈታ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን መች ያርፋል! "ቀጥ ብሎ መርገጫው ላይ ቢያርፍ ኖሮ ራሱ ይይዝ አልነበር?" አልኩ።

ጋሼ አቀረቀረ። እትዬ ወደ እኔ ዞር አለች፤ እጇ ከብረቱ አልተነሳም።

"ያዥ እንደማያስፈልገውማ ልጄን ታቅፌ ከያዝኩለት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ" አለች። "አንቺ ይልቅ ቀሚሴን አድርሺ። እጅጌው ሁለት ይሁን።"