የሐረጎው ትምህርት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ሐረጎ ተራራ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፊቴን ከመስኮቱ አዞራለሁ። እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከዚያ ጠርዝ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ፣ የቦርከና ሸለቆ ጠረጴዛ ላይ እንደ ተዘረጋ ካርታ ይታያል። ተማሪዎቼን እየወሰድኩ ጂኦግራፊ የማስተምርበት ቦታ ነበር። ዛሬ እዚያ የሚያስተምረው ሌላ ሰው ነው፤ ከሚያስተምራቸው ተማሪዎች አንዱ ደግሞ የእኔ ልጅ ነው።

ትምህርቱ ቀላል ነበር። ጠዋት በደሴው ትምህርት ቤታችን ግቢ ቴርሞሜትር እናነባለን። ሐረጎ ላይ ከመኪና ወርደን ደግመን እናነባለን። ኮምቦልቻ ስንደርስ ጃኬታችንን አውልቀን ለሦስተኛ ጊዜ እናነባለን። ደጋ፣ ወይና ደጋ የሚሉትን ቃላት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሸመድዱ የኖሩ ተማሪዎች በአንድ ጠዋት በቆዳቸው ያውቋቸዋል። ይህን ዘዴ ያፈለቅሁት እኔ እንደሆንኩ አምናለሁ። «አምናለሁ» የምለው በጥንቃቄ ነው፤ የመጀመሪያውን ቴርሞሜትር ከላቦራቶሪ ያስወጣው ጓደኛዬ ነበርና። መኪናውንም የለመነው ምናልባት እሱ ይሆናል። ሐሳቡ ግን የእኔ ነበር። የእኔ መሆን አለበት።

ጓደኛዬ የምለው አሁን ልጄን የሚያስተምረውን ሰው ነው። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት ተመርቀን፣ አንድ ላይ ደሴ ተመድበን፣ እስክናገባ ድረስ አንድ የኪራይ ክፍል ተጋርተን ኖረናል። እሱ ለሶላት ሲነሳ እኔ እነቃለሁ፤ እኔ ስጾም እሱ ሥጋውን ውጭ በልቶ ይመጣል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛዎቻችን ፊት ለፊት ነበሩ። ፈተና ስናርም አንዱ የሌላውን ተማሪዎች መልስ እያነበበ ይስቅ ነበር።

ያለያየን የማኅበራችን ጉዳይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ደመወዝ ይዘገይ ጀመር፤ ሲመጣም ሳንጠየቅ በመዋጮ ስም ተቆርጦ ይመጣል። ቅሬታችንን ለመምህራን ማኅበር ቅርንጫፋችን ሰብሳቢ እናቀርባለን፤ እሱም ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይሄድና የጽሕፈት ቤቱን መልስ ተሸክሞ ይመለሳል። በአፋችን እንዲናገር የመረጥነው ሰው በእነሱ አፍ ይነግረን ነበር። የመረጥነው ስል እንኳ ምርጫው መቼ እንደ ተደረገ የሚያስታውስ አልነበረም። ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አዲስ ምርጫ በምስጢር ድምፅ እንዲካሄድ ሐሳብ ለማቅረብ ተስማማን። በደንባችን መሠረት አንድ ሐሳብ ደጋፊ ካላገኘ ለውሳኔ አይቀርብም። እኔ ሐሳቡን ላቀርብ፣ እሱ ተነስቶ «እደግፋለሁ» ሊል ተነጋገርን።

ተነሳሁና ተናገርኩ።

«መምህር፣ ነጥብህ ተይዟል፤ ተቀመጥ» አለኝ ሰብሳቢው።

«ለውሳኔ ሳይቀርብ አልቀመጥም።»

«ተቀመጥ እኮ ነው የምልህ!»

አልተቀመጥኩም። ከዚያ ወዲያ ያለው በአእምሮዬ እንዲህ ተቀርጿል፦ በአዳራሹ ካሉት ብዙዎቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። ጓደኛዬ ከፊት ከሁለተኛው ረድፍ አንገቱን ደፍቶ፣ በእስክሪብቶ ክዳን ጥፍሩን ያጸዳል። «ደጋፊ የለም» ይላል ሰብሳቢው። እኔ ብቻዬን ቆሜያለሁ። ይህን ሥዕል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተጠራጥሬው አላውቅም።

የሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ሳይጀመር «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ ኮምቦልቻ ተዛወርኩ። በማረፊያ ክፍሉ ውስጥ አንድ የሒሳብ መምህር፣ «ምን አለበት፣ ሙቀት ነው፤ ለሪህህ መድኃኒት ነው» አለኝ። ሌላው ተቀብሎ፣ «ማኅበሩ ለጤናው አስቦለት ነዋ! እኛንስ ማን ያስብልን?» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መጻሕፍቴን በካርቶን እስከ ባጃጁ ድረስ የተሸከመልኝ ጓደኛዬ ነበር። «እንደዋወላለን» አለኝ፤ እኔ ስልኩን ማንሳት እስከ ተውኩበት ጊዜ ድረስም ደውሏል።

ዝውውሩ ብቻ ቢሆን እሰየው ነበር። ባለቤቴ ደሴ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስለምትሠራ፣ ልጃችንም እዚያው ስለሚማር፣ ቤታችንን አልለቀቅንም፤ እኔ በየቀኑ እመላለሳለሁ። የደረጃ እድገቴ «በሥነ ምግባር» ነጥብ ቀርቷል። ከመምህራን የቤት መሥሪያ ማኅበሩ ስሜ ወጥቷል። ከሁሉም የከበደኝ ግን አንድ የሥራ ባልደረባችን እናት ሞተው ለቅሶ የሄድኩ ዕለት የሆነው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ፣ አጠገቤ የነበሩት ሁለት መምህራን ተራ በተራ፣ አንዱ ውሃ ለመጠጣት ሌላው ስልክ ለማናገር ተነሱ፤ ተመልሰውም ሌላ ቦታ ተቀመጡ። ሰብሳቢው በር ላይ ተቀምጦ ነበር። አልፈረድኩባቸውም ብል እዋሻለሁ።

ጓደኛዬ በእኔ ቦታ የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ሆነ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ተሰጡት። የሐረጎው ጉዞም አብሮ ተሰጠው። በዚህ ዓመት ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲገባ፣ እሱም ተጨምሮ ተሰጠው።

ሰው በሹመት ይቀናል፣ በቤት ይቀናል፤ እነዚህን ቀስ በቀስ ለምጄአቸው ነበር። በራት ሰዓት «ቲቸር እንዲህ አለ» የሚለውን ግን ልለምደው አልቻልኩም። እኔ ስለ አፈር መከላት አንድ ነገር ስናገር ልጄ በትሕትና ይሰማኝና፣ «ቲቸርም እንደዚያ ነው ያለው» ይለኛል፤ ቃሌን የሚያጸድቅልኝ ሌላ ሰው እንዳለ። አንድ ነገር ላስረዳው ስጀምር ደግሞ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። «እሺ፣ ከዚያስ?» ጓደኛዬ ተማሪ ሲጠይቅ የሚላት ናት። ወይም እኔ የምላት ነበረችና ከእኔ ወስዷት ይሆናል፤ ይህንንም ለማጣራት በጭንቅላቴ ውስጥ ወደ ድሮ ክፍሎቼ ተመልሼ ራሴን አዳመጥኩ። ድምፄን እሰማለሁ፤ ቃላቱን ግን አልለይም።

አንድ ማታ ልጄ፣ «አባ፣ ነገ ሐረጎ እንወጣለን» አለኝ። «ቲቸር ‹አባትህ ወደ ሥራ ሲሄድ በዚያ ማለፉ አይቀርም፤ ይውረድና እሱ ያስረዳችሁ› ብሏል።»

«እኔ ሥራ አለኝ።»

«የአንተ ክፍለ ጊዜ ከሰዓት አይደል እንዴ?»

«ሚኒባስ ገደል ላይ አይቆምም።»

ልጄ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አባ፣ ምን አድርጎህ ነው የምትጠላው?»

ነገርኩት። ስለ ጉባኤው፣ ስለ ስምምነታችን፣ ስለ እስክሪብቶው ክዳን። ሳይነሳ መቅረቱን ስነግረው የልጄን ፊት አየሁ፤ አንድ ነገር ከውስጡ እየወረደ ነበር፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሲወርድ ማየት ደስ ብሎኛል።

ባለቤቴ ከበስተኋላዬ፣ «ተነስቷል ብለህ ነው እኮ ያን ቀን የመጣኸው» አለች።

«ማን? እኔ?»

«አንተ ነሃ! ልብስ እየተኮስኩ በሩ ላይ ቆመህ፣ ‹ቢያንስ እሱ ተነሳልኝ› አልከኝ።»

«አላልኩም።»

«ብለሃል። መብራት ሄደብኝና ካውያውን ሸሚዝህ ላይ ረስቼው ነበር። ‹ይቃጠል ተይው› አልከኝ። ሰማያዊው ሸሚዝ።»

ሰማያዊውን ሸሚዝ አስታወስኩት። የተናገርኩትን ግን አላስታወስኩም። ልጄ አንዴ እኔን አንዴ እናቱን እያየ፣ «ስለዚህ ተነስቷል ወይስ አልተነሳም?» አለ። ራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ተኝቼ ሳስበው፣ ያልተነሳው ጓደኛዬ ለእኔ አስፈላጊዬ ነበር። እሱ ካልተነሳ እኔ ከፍያለሁ፣ እሱ አትርፏል፤ ቅናቴም የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል። ከተነሳ ግን እንደ እኔው ተነስቶ ክፍሉንም፣ ጓደኞቹንም፣ ልጄንም ይዞ ቀርቷል ማለት ነው። ያኔ የምቀናበት በሠራው ሳይሆን በዕድሉ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ማንን እንደሚከሱ አላውቅም።

በማግስቱ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲቃረብ ፊቴን አላዞርኩም። የመንገዱ ዳር በሰማያዊ ዩኒፎርም ተሞልቶ ነበር።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

ረዳቱ ገረመው። «ጋሼ፣ እዚህ ገደል ላይ ምን አለዎት?»

«ትምህርት።»

«ወላሂ በዚህ ዕድሜዎ!» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ጓደኛዬ ሲያየኝ ወደ እኔ ሮጠ፤ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጭተን ተሳሳምን። ጸጉሩ ሸብቷል። ለምን ወጣት እንደሆነ ሲታየኝ እንደኖረ አላውቅም። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ቴርሞሜትር ሲያነቡ ወደ ጎን ወሰድኩትና፣ «ያን ቀን ተነስተሃል?» አልኩት።

የትኛውን ቀን ብሎ አልጠየቀኝም።

«ወላሂ ተነስቻለሁ።»

በኖርንበት ክፍል ውስጥ ይህ ሰው በከንቱ ሲምል ሰምቼው አላውቅም።

«ተነስቼ ‹እደግፋለሁ› አልኩ። ‹ተቀመጥ› አለኝ፤ ተቀመጥኩ።»

«ከደገፍክ ለምን ለውሳኔ አልቀረበም?»

«ተቀምጬ ነበራ! እንዳልተባለ ተቆጠረ። አንተ ብቻ ቆመህ ቀረህ።»

«ለምንድን ነው የተቀመጥከው?»

«ተቀመጥ አለኛ!» አለና ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ገታ። «ፈራሁ። ሁለተኛዋ ልጄ ገና መወለዷ ነበር። ያን ጊዜ ብነግርህ ደግሞ አትሰማኝም ነበር፤ ስልኬን እንኳ አታነሳም።»

አፈረ ይሆን ብዬ ፊቱን መረመርኩ። አላፈረም። ተነሳ፣ ተቀመጥ ተባለ፣ ፈራና ተቀመጠ፤ ይህንንም እንደ ወረደ ዝናብ ይናገረዋል። እንዳየሁት ያሰብኩት የእስክሪብቶ ክዳን ምናልባት ከተቀመጠ በኋላ ይሆናል። ወይም ጭራሽ የሌላ ስብሰባ ይሆናል። ለምን ያልተነሳውን ብቻ ይዤ ቀረሁ? ልመረምረው የሚገባኝ ይህ ነበር። እኔ ግን እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ፣ በሦስቱም ዓመታት ከቀናሁበት በበለጠ ቀናሁበት። በክፍሉ አይደለም፣ በተጠሪነቱም አይደለም። ተቀመጥ ሲባል ተቀምጦ፣ ሌሊት እንቅልፍ መተኛት የሚችልበት ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ የለኝም።

«ና» አለኝ። እጄን ይዞ ወደ ተማሪዎቹ ወሰደኝና አጨበጨበ። «ስሙ! ይህን ትምህርት የጀመረው ይህ ሰው ነው። እኔ የምሰጣችሁ ከእሱ ያገኘሁትን ነው። ዛሬ ከባለቤቱ ስሙት።»

ይህን የሚናገርልኝ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ስፈልግ ኖሬአለሁ። የተናገረልኝም እሱ ሆነ።

ጀመርኩ። ድምፄ መጀመሪያ ላይ ደረቅ ነበር፤ ነፋሱም ይወስደው ነበር። የቦርከናን ሸለቆ እያሳየሁ ከፍታ ሲጨምር ሙቀት እንደሚቀንስ ስናገር ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ልጄ ነበር።

«ቲቸር» አለኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት መምህር ሆኜ ልጄ በዚህ ስም ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው።

«ቲቸር፣ ሐረጎ ከደሴ ከፍ ይላል። እርስዎ እንዳሉት ከሆነ እዚህ መቀዝቀዝ ነበረበት። ዛሬ ጠዋት ግን ከትምህርት ቤታችን ግቢ ይልቅ እዚህ ሞቋል። ለምን?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እኔ እዚህ በማስተምርበት ዘመን ማንም አልጠየቀኝም። ወደ ደሴ አቅጣጫ ዞርኩና ነጭ ጉም የተኛበትን ጎድጓዳ አሳየኋቸው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው አልኩ፤ ሌሊቱን ከጦሳ ተራራ ተዳፋት ይወርድና ከተማው ውስጥ እንደ ውሃ ይጠራቀማል፤ ጉሙም ከበላዩ ይተኛል። ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ ደሴ በኩሬ ውስጥ ናት፤ እኛ ደግሞ ከኩሬው በላይ ቆመናል። ስናገር እጆቼ እንደ ድሮአቸው ተንቀሳቀሱ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን አስግገው ጉሙን አዩ። አንዲት ልጅ፣ «ውይ፣ እውነትም!» አለች።

ልጄ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መልሱን ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ቀና አለ። እኔ እያየሁት፣ ዐይኑ እኔን አልፎ ከጎኔ ወደቆመው ሰው ሄደ፤ ትክክል መሆኑን ሊጠይቀው። ጓደኛዬም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀለት።