ዓይኔን እዪልኝ

በእስራኤሏ ኔታንያ ከተማ አውቶቡስ ጣቢያ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪውን እየዞሩ ዓይናቸውን ያስመረምራሉ። የለበሱት ሸሚዝ ነጭ ነው፤ ለማመሳከሪያ ይመስላል። እኔ ዘንድ ሲደርሱ የዓይናቸውን የታች ቆብ በጣታቸው ሳብ አድርገው፣ "ልጄ፣ ዛሬስ ነጥቷል?" አሉኝ።

"ነጥቷል አባባ።"

ሳቃቸው መጣ። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ብለው ሁለት ወር ሙሉ የሥር መድኃኒት ሲጠጡ ከርመዋል።

"ለካ ካንሰር በቅሎ የሐሞቴን ቱቦ ዘግቶታል። ቴል ሞንድ ብርቱካን እርሻ ውስጥ ሃያ ዓመት የተደፈነ የውሃ ቱቦ ስከፍት ኖሬ፣ የራሴ ሲደፈን አላወቅኩም።"

ሐኪሞቹ ትንሽ ቱቦ አስገብተው ሐሞቱን ካፈሰሱላቸው ወዲህ ከቢጫው ጋር የመጣባቸው የገላ ማሳከክ ለቋቸዋል። እንዴት እንደለቀቃቸው ሊያሳዩኝ ትከሻቸውን ሠርግ ቤት እንዳለ ሰው አርገፈገፉት። አጠገቤ የተቀመጠች ወታደር ስልኳን ትታ አብራቸው ትከሻዋን ነቀነቀች።

"ካንሰሩስ?" አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ።

"እሱን እሁድ ከፍተው ያዩታል። ከወጣ ይወጣል" አሉና ዓይናቸውን ለወታደሯ ገለጡላት።

"ላቫን ነው ሳባ" አለቻቸው በዕብራይስጥ፤ ቀጥላም በአማርኛ፣ "ነጭ ነው አያቴ።"

"ሁለት ምስክር ሞላልኝ" አሉ። አውቶቡሱ መጥቶ በሩ ሲከፈት ግን ለሹፌሩም ዓይናቸውን ገለጡለት።